ሪሞቱን ከማንሳታችሁ በፊት፦ የሚታይ ፊልም እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው ወር አንድ ማታ ሰዓት ያዝኩ። ሪሞቱን ካነሳሁበት ጀምሮ ፊልም እስክከፍት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ ለማየት ነው። 47 ደቂቃ ሆነ። የከፈትኩትን ፊልም ደግሞ 20 ደቂቃ እንዳየሁ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ። ምርጫው ከፊልሙ በእጥፍ በለጠ ማለት ነው።

ነገሩ ከነከነኝ። የሚታይ ጠፍቶ አይደለም፤ በዝቶ ነው። ግን ዋናው ስህተቴ ብዛቱም አልነበረም። ለመምረጥ የምቀመጠው ቀኑን ሙሉ ስሠራና ስወስን ውዬ፣ ጭንቅላቴ "በቃኝ" ባለበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ማየት እንጂ መምረጥ አይሆንለትም። ስለዚህ ሁለቱን ለያየኋቸው። ፍለጋው ቀን ላይ፣ በትርፍ ደቂቃ። ማታ ከተዘጋጀው ላይ ማንሳት ብቻ። አሁን የምጽፍላችሁ ይህንኑ እንዴት እንደማደርገው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ዝርዝር ያዙ፤ ግን ሁለት ዝርዝር

የስልክ ማስታወሻ ይበቃል። ደብተርም ይሆናል። ሰው ስለ አንድ ፊልም ዓይኑ እየበራ ሲያወራ ከሰማችሁ እዚያው ጻፉት። "በኋላ እጽፈዋለሁ" ያላችሁትን ፊልም እንደጠፋ ቁጠሩት።

ስሙን ብቻ አትጻፉ። ማን እንደነገራችሁ፣ ለምን እንደወደደው፣ ርዝመቱን፣ ከባድ ይሁን ቀላል ከጎኑ ጨምሩ። አንድ መስመር ነው። ከሦስት ወር በኋላ ባዶ ስም ብታዩ ለምን እንደጻፋችሁት አታስታውሱም። ለምን እንደተጻፈ የማይታወስ ፊልም ደግሞ አይከፈትም።

በየመተግበሪያው ውስጥ ያለውን "የእኔ ዝርዝር" ብዙም አላምነውም። የሚይዘው የዚያን መተግበሪያ ፊልሞች ብቻ ነው። የፊልሙ ውል ሲያልቅ ደግሞ ፊልሙ ይነሳል፣ ከዝርዝራችሁም ሳይሰናበት ይጠፋል። የራሳችሁ ማስታወሻ ግን የትም አይሄድባችሁም። ፊልሙ አሁን የት እንዳለ ለማወቅ እንደ ጀስትዋች ያሉ መፈለጊያዎች አሉ። ስሙን ስትጽፉ ባላችሁበት አገር የትኛው መተግበሪያ ላይ እንደሚገኝ ያሳያሉ።

ዝርዝሩ ለምን ሁለት ሆነ? በ1999 ዳንኤል ሪድ፣ ጆርጅ ሎወንስቲንና ሾባና ካልያናራማን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ፊልም አስመርጠው ነበር። ሰዎቹ ለዛሬ ሲመርጡ ወደ ቀላሉና ወደሚያዝናናው አዘነበሉ። ለሌላ ቀን ሲመርጡ ግን ቁም ነገር ያለውን፣ "መታየት ያለበትን" ማንሳት አበዙ።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የእኔ ዝርዝር ላይ ለዓመታት ተኝተው የነበሩት ፊልሞች በሙሉ ወይ የጦርነት፣ ወይ የሐዘን፣ ወይ ሦስት ሰዓት የሚፈጁ ጥቁርና ነጭ ነበሩ። ዝርዝሩን የሚያወጣው "ነገ የተሻልኩ ሰው እሆናለሁ" የሚለው እኔ ነው። ማታ ሶፋው ላይ ዘጭ የሚለው ሌላው እኔ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

ስለዚህ አንዱን ዝርዝር "ለደከመኝ ማታ" በሉት፤ ሌላውን "ነቃ ላልኩበት ቀን"። በመጀመሪያው አትፈሩ። ሦስት ጊዜ ያያችሁት ኮሜዲ ቢሆንም ቦታው እዚያ ነው። በሁለተኛው ላይ ላሉት ከባድ ፊልሞች ደግሞ ቀን ቁረጡላቸው። "አንድ ቀን አየዋለሁ" ሳይሆን "ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ"። ቀጠሮ የሌለው ከባድ ፊልም አይታይም፤ ከራሴ አውቀዋለሁ።

2. ከፊልሙ በፊት ራሳችሁን እዩ

ፊልሙ ጥሩ ነው ወይ ከማለት በፊት "እኔስ ዛሬ እንዴት ነኝ?" ማለት ይቀድማል።

መጀመሪያ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚረዝም ፊልም ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከተከፈተ የሚያልቀው ስድስት ሰዓት ነው። ጠዋት በጊዜ የሚነሳ ሰው ይህን መሃል ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ያስብ። ከ90 እስከ 100 ደቂቃ የሚፈጁ ፊልሞች ላይ ምልክት አድርጉ። ለሥራ ቀን ወርቅ ናቸው።

ተከታታይ ድራማ ሲሆን ሒሳቡ ይከብዳል። እያንዳንዱ 50 ደቂቃ የሆነ 10 ክፍል ያለው አንድ ምዕራፍ 500 ደቂቃ ነው፤ ስምንት ሰዓት ከ20። አምስት ምዕራፍ ካለው ከ41 ሰዓት ያልፋል። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው እኮ! መልሱ "ይሁን፣ ልስጠው" ሊሆን ይችላል። ግን ሰጥቻለሁ ብሎ መስጠትና ሳያውቁት መወሰድ ይለያያል። ጊዜ ካጠረ በአንድ ምዕራፍ የሚቋጩትን፣ ከአራት እስከ ስምንት ክፍል ያላቸውን ፈልጉ። ሌላም አለ። ተከታታዩ ተጠናቋል ወይስ መሃል ላይ ተቋርጧል የሚለውን ቀድማችሁ አጣሩ። ሦስት ምዕራፍ አይታችሁ ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ንዴቱ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ትኩረት። ልብስ እያጣጠፋችሁ ነው የምታዩት? ስልክ እየነካካችሁ? እሺ፣ ምንም አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ቀን የማታውቁት ቋንቋ ያለበትን ፊልም በሰብታይትል አትክፈቱ። ንግግሩ የቀነሰ፣ በምስል የሚተርክ ፊልምም ለዚያ ቀን አይሆንም። አንገታችሁን ባቀረቀራችሁ ቁጥር ታሪኩ ያመልጣችኋል፤ መጨረሻ ላይ "ደባሪ ነው" ትሉታላችሁ። ያልታየ ፊልም ተፈረደበት ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሰብታይትል የሚሸሹ ብዙ ናቸው። ከእንግሊዝኛ ውጪ የተሠራ ፊልም የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው በ2020 ነው፤ የደቡብ ኮሪያዊው የቦንግ ጁን ሆ ሥራ ነበር። ሽልማቱ ከተጀመረ ከ90 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሌላው ዓለም ፊልም ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም። ነቃ ባላችሁበት ቀን አንድ ሁለቱን ሞክሩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ እያነበባችሁ መሆኑንም ትረሱታላችሁ።

ሦስተኛዋን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እወዳታለሁ። "ፊልሙ ሲያልቅ ምን ሆኜ መነሳት እፈልጋለሁ?" ኮሜዲ፣ አስፈሪ፣ ልብ አንጠልጣይ የሚሉት ምድቦች ብዙም አይረዱም። ኮሜዲ ተብሎ ልብ የሚሰብር አለ። አስፈሪ ተብሎ እየሳቁ የሚጨርሱት አለ። "ቀለል ብሎኝ ልተኛ"፣ "ላልቅስና ይውጣልኝ"፣ "ነገ ለሰው የማወራው ነገር ልያዝ" ስትሉ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ግማሹ ራሱ ይወድቃል።

3. ቁጥሮቹን ማንበብ ተማሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የሃያስያንን ግምገማ የሚሰበስበው ሮትን ቶሜቶስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። እዚያ ላይ 90 በመቶ ማለት ፊልሙ ከመቶ 90 አገኘ ማለት አይደለም። ካዩት ሃያስያን ከመቶ ዘጠናው "ጥሩ ነው" አሉ ማለት ብቻ ነው። ምን ያህል ጥሩ? ቁጥሩ አይናገርም። 60 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ቀይ ቲማቲም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በታች የፈረጠ አረንጓዴ።

ሁለት ፊልም በሐሳባችሁ ያዙ። የመጀመሪያውን 100 ሃያስያን አዩት፤ ሁሉም ከመቶ 60 ሰጡት። "ደህና ነው፣ ይታያል" እንደ ማለት። ሁለተኛውን ደግሞ 70ዎቹ አብደውለት 95 ሰጡት፤ 30ዎቹ ጠልተውት 30 ሰጡት። በሮትን ቶሜቶስ አቆጣጠር የመጀመሪያው 100 በመቶ፣ ሁለተኛው 70 በመቶ ያገኛል። አማካይ ብንወስድ ግን የመጀመሪያው 60፣ ሁለተኛው 76 ገደማ ነው። እኔ ያለጥርጥር ሁለተኛውን አያለሁ። ማንንም የማያስቀይም ፊልም ብዙ ጊዜ ማንንም አያስደንቅም።

ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላው ድረ ገጽ የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። የሃያስያኑን ነጥብ ከመቶ አድርጎ አማካዩን ያወጣል፤ ለአንዳንዶቹ ሃያስያን የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን እዩ። ቲማቲሙ ከፍ ብሎ ሜታክሪቲክ መሃል ላይ ከቀረ ፊልሙ "ምንም አይልም" ዓይነት ነው። ሁለቱም ከፍ ካሉ ሃያስያኑ የምር ወደውታል። ሁለቱም መሃል ላይ ከሆኑ ደግሞ ሰው የተከፋፈለበት ሊሆን ስለሚችል ግምገማ ማንበብ ያስፈልጋል።

አይኤምዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ የሕዝቡ ድምፅ ነው። በ1990 በኢንተርኔት ላይ የፊልም አፍቃሪዎች ከሚለዋወጡት ዝርዝር የተነሳ ነው፤ በ1998 አማዞን ገዛው። ከ1 እስከ 10 የሚሰጠውን ነጥብ ስታዩ መጀመሪያ የሰጪውን ብዛት እዩ። 8.9 ተብሎ የሰጡት 300 ሰዎች ብቻ ከሆኑ ከመካከላቸው የሠሪዎቹ ጓደኞችና ዘመዶች ስንቱ እንደሆኑ ማን ያውቃል? አዲስ ፊልም በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኘው ነጥብም ያው ነው። ቀድመው የሚሮጡት አፍቃሪዎቹ ናቸው። ወር ሲሞላው ቁጥሩ ወረድ ይላል።

አስፈሪ ፊልሞችና ኮሜዲዎች በአብዛኛው ከድራማ ያነሰ ነጥብ ነው የሚያገኙት። ስለዚህ 6.5 ያገኘ አስፈሪ ፊልም ከ6.5 ድራማ ጋር እኩል አይደለም። ከመሰሎቹ ጋር አወዳድሩት።

አይኤምዲቢ ለተከታታይ ድራማ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ነጥቡን በየክፍሉ ለያይቶ ያሳያል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቁጥሩ ቁልቁል ከወረደ ሁለት ምዕራፍ አይቶ መሰናበት ይቻላል። ማንም አይጠይቃችሁም።

ቁጥር ሆን ተብሎ የሚበላሽበት ጊዜም አለ። ሰዎች ፊልሙን ሳያዩ በንዴት ተሰባስበው ዝቅተኛ ነጥብ ያዘንቡበታል። ነገሩ ስለበዛ ሮትን ቶሜቶስ በ2019 ፊልሙ ሳይወጣ ተመልካች አስተያየት የሚሰጥበትን ክፍል አንስቷል። የሃያስያኑና የተመልካቹ ነጥብ የሰማይና የምድር ያህል ሲራራቅ ካያችሁ ጠብ እንዳለ ጠርጥሩ፤ ቁጥሩን ተዉና ጽሑፉን አንብቡ።

ጽሑፍ ስል የትኛውን? በጣም የወደዱትንና በጣም የጠሉትን ዝለሏቸው። መሃለኛ ነጥብ የሰጡትን ሁለት ሦስት አንብቡ። "ይህን ወደድኩ፣ ያንን አልወደድኩም" ብለው በርጋታ የሚያስረዱት እነሱ ናቸው። አንዳንዴ ያልወደዱት ነገር ራሱ ለእናንተ ማስታወቂያ ይሆናል። "ሁለት ሰዓት ሙሉ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲያወሩ ነው የሚያሳየው" ብሎ ሲያማርር ካነበብኩ እኔ ወዲያው ዝርዝሬ ላይ እጽፈዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ሰው ይበልጣል። ጣዕሙን የምታውቁት ሃያሲ ወይም ጓደኛ ያዙ። ከእናንተ ጋር የግድ መስማማት የለበትም። እኔ የወደደውን ሁሉ የምጠላበት ጓደኛ አለኝ። "አሪፍ ነው" ካለኝ አልነካውም። እስካሁን አሳፍሮኝ አያውቅም።

4. አልጎሪዝሙን እንደ ሻጭ ቁጠሩት

አልጎሪዝም የምለው መተግበሪያው "ይህን እዩ" እያለ የሚያቀርብላችሁን የሚመርጠውን ስሌት ነው። ክፉ አይደለም። ግን ሥራው እናንተን እዚያ ማቆየት ነው።

ኔትፍሊክስ የአምስት ኮከብ ነጥቡን በ2017 ትቶ በአውራ ጣት ተካው። ከፊልሙ አጠገብ "98 በመቶ" ብሎ ሲያሳያችሁ የኖረው ቁጥር የፊልሙ ጥራት አይደለም። "እናንተ ትወዱታላችሁ ብዬ እገምታለሁ" ማለቱ ነው። የፊልሙ ምስል ራሱ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። የፍቅር ፊልም ለሚያዘወትር ሰው የሚሳሳሙ ጥንዶች ሊታዩት ይችላሉ፤ ኮሜዲ ለሚወድ የሚስቅ ፊት። ፊልሙ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ምስሉን አይቶ መምረጥ ማለት በመስታወት ውስጥ ራስን መርጦ እንደ መውጣት ነው።

"የዛሬ አስር ምርጦች" የሚለውም በብዛት የታዩትን እንጂ በብዛት የተወደዱትን አያሳይም። አሁን ኔትፍሊክስ ጠቅላላ የታየበትን ሰዓት ለፊልሙ ርዝመት አካፍሎ ነው የሚቆጥረው። እየተሳደቡ የጨረሱትም ይቆጠራሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመነሻ ገጹ ሽሹ። መተግበሪያውን ስትከፍቱ ቀጥታ ወደ መፈለጊያው ሂዱና ከዝርዝራችሁ የያዛችሁትን ስም ጻፉ። ጠቋሚው ሲያርፍበት ራሱን የሚጀምረውን ቅንጭብ ከማስተካከያው ውስጥ አጥፉት፤ ኔትፍሊክስ ላይ ከ2020 ጀምሮ ይቻላል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ለእነሱ የተለየ ፕሮፋይል ክፈቱ። አለበለዚያ አንድ ሳምንት የካርቱን ዘፈን ከተከፈተበት ለወር ያህል ካርቱን ነው የሚያቀርብላችሁ።

5. ትሬለሩን እስከ መሃል ብቻ

የመጀመሪያው 40 ሰከንድ ይበቃል። ድባቡን፣ ቀለሙን፣ የንግግሩን ለዛ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩን መዘርገፍ ነው። ትሬለር የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ሳይሆኑ የማስታወቂያ ባለሙያዎች ናቸው። ሁሉንም ቀልድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አጉረው የሚጨርሱት ለዚህ ነው።

መጨረሻውን ሰው ከነገራችሁም አትዘኑ። በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የተሠራ ጥናት ነበር። አጫጭር ልብ ወለዶችን መጨረሻቸውን አውቀው ያነበቡ ሰዎች ሳያውቁ ካነበቡት ይልቅ ወደዋቸው ተገኙ። ልብ ወለድና ፊልም አንድ ባይሆኑም እኔን ግን አጽናንቶኛል።

6. ስሙን ሳይሆን ሠሪውን ተከተሉ

አንድ ፊልም ልባችሁን ሲነካው ቀጥሎ የምታዩት አጠገባችሁ ነው። ሰው የሚከተለው ተዋናዩን ነው፤ ተዋናይ ግን የሰው ታሪክ ነው የሚጫወተው። ፊልም ከሆነ ዳይሬክተሩን ተከተሉ። ተከታታይ ድራማ ከሆነ ደግሞ ፈጣሪውን ወይም ዋናውን ጸሐፊ። በድራማ ዳይሬክተሩ በየክፍሉ ሊቀያየር ይችላል፤ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚይዘው የጸሐፊዎቹ አለቃ ነው።

በምስሉ ውበት ከተያዛችሁ የካሜራ ባለሙያውን ስም ፈልጉ። ሮጀር ዲኪንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ለምሳሌ በ14ኛ ዕጩነቱ ነው በ2018 ኦስካር ያገኘው። ያነሳቸውን ፊልሞች ዝርዝር ብቻ ይዞ አንድ ክረምት ማሳለፍ ይቻላል። ተሸላሚ ፊልሞችን መከተል ለሚፈልግ ደግሞ ምክሬ አሸናፊውን ሳይሆን ለምርጥ ድርሰት የታጩትን ማየት ነው። በታሪክ ጥንካሬ የሚመጡት እዚያ ይገኛሉ።

"የምንጊዜም ምርጥ" የሚሉ ዝርዝሮችን በጥንቃቄ። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአስር ዓመቱ ሃያስያንን ያስመርጣል። በ2022 አንደኛ የወጣው "ዣን ዲልማን" የተባለው የሻንታል አከርማን ፊልም ነው፤ በዚህ ምርጫ ሴት ዳይሬክተር አንደኛ ስትወጣ የመጀመሪያው ነበር። ርዝመቱ ከሦስት ሰዓት ከ20 ይበልጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው አንዲት ሴት በቤቷ ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ ስትሠራ ነው። ድንቅ ፊልም ነው። ከሥራ ደክማችሁ በመጣችሁበት ማታ ብትከፍቱት ግን ፊልሙንም ራሳችሁንም ትጎዳላችሁ። "ነቃ ላልኩበት ቀን" በሚለው ላይ ጻፉትና ቀጠሮ ያዙለት።

7. ከሰው ጋር ስታዩ

"አንተ ምረጥ"፣ "አይ አንቺ ምረጪ" እየተባባሉ ግማሽ ማታ ያልቃል። እኔና እህቴ አንድ ዘዴ አለን። አንዳችን ሦስት ፊልም እናቀርባለን። ሌላው አንዱን ይሰርዛል፣ ከቀሩት ሁለት አንዱን ያነሳል። በሚቀጥለው ተራው ይገለበጣል። ሦስት ሰው ከሆነ አንዱ ያቀርባል፣ አንዱ ይሰርዛል፣ አንዱ ያነሳል። የተመረጠበት ሰው ፊልሙ መሃል ላይ ማጉረምረም አይችልም። ሕጉ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ እህቴ ሁለት ጊዜ ጥሳዋለች።

ልጆች ካሉ የዕድሜ ምድቡን ከምድቡ ዓመት ጋር አንብቡ። የአሜሪካው ምድብ የተጀመረው በ1968 ነው። ከ13 ዓመት በታች ላሉት ወላጅ በጣም ይጠንቀቅ የሚለው "ፒጂ-13" ግን የመጣው በ1984 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት "ፒጂ" (ወላጅ ይምከርበት) የተባለ አሮጌ ፊልም ዛሬ ቢሆን ከፍ ያለ ምድብ ሊያገኝ ይችል ነበር። ይህን ሳላውቅ ለእህቴ ልጆች አንድ አሮጌ የጀብዱ ፊልም ከፈትኩ። ሪሞቱን ፍለጋ ከሶፋው ሥር ስገባ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጮሁ ነበር። አሁን ምድቡን ብቻ አላምንም። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የሚባል ድርጅት እያንዳንዱ ፊልም ውስጥ ምን ዓይነት ድብድብ፣ ስድብና አስደንጋጭ ነገር እንዳለ በዝርዝር ይጽፋል። አምስት ደቂቃ ወስዶ ማንበብ ነው።

8. ማታው ሲደርስ

ሦስት ዕጩ፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ በላይ አይፈቀድም።

በ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው ኸርበርት ሳይመን ሰው በእውነተኛው ሕይወት "ከሁሉ የሚበልጠውን" ሳይሆን "የሚበቃውን" ፈልጎ እንደሚያቆም አስረድቷል። ማቆም የማይችል ሰው ፍለጋው ራሱ ይበላዋል። ለፊልም ከዚህ የተሻለ ሕግ አላገኘሁም። ከሦስቱ ለዛሬ የሚበቃውን አንሱ። ሁለቱ ነገም አሉ።

9. መቼ ይቋረጣል?

ፊልም ከሆነ 30 ደቂቃ ስጡት። ተከታታይ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ክፍል፤ የመጀመሪያው ክፍል ብዙ ጊዜ ለሙከራ ቀድሞ የሚቀረጽ ስለሆነ ከቀሪዎቹ ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ከዚያ በኋላ ካልያዛችሁ ዝጉት።

መዝጋት ለምን እንደሚከብደን በ1985 ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር አሳይተዋል። ለአንድ የቲያትር ወቅት ሙሉ ትኬት ለገዙ ሰዎች፣ ለአንዳንዶቹ በዕጣ ቅናሽ ተደረገላቸው። ቲያትሩ አንድ ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው። ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ግን በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ደጋግመው ተገኙ። ያወጡት ገንዘብ ጎትቶ ወሰዳቸው። እኛም "አራት ክፍል አይቼማ አላቆምም" ስንል ያው ነን። ያለፈው አራት ሰዓት አይመለስም፤ የሚቀረው ስምንት ሰዓት ግን ገና በእጃችሁ ነው። "ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ያምራል" የሚል ጓደኛ ሲመጣባችሁ እስከዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስልታችሁ ንገሩት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። "ደበረኝ" እና "ቀስ ይላል" አንድ አይደሉም። ከመዝጋታችሁ በፊት ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና 10 ደቂቃ ጨምሩለት። እኔ በዚህ መንገድ ልዘጋቸው ከነበሩት ሁለቱ አሁን ከምወዳቸው ውስጥ ናቸው።

10. ካያችሁ በኋላ አንድ መስመር

ስሙን፣ ጨረስኩት ወይስ አቆምኩት፣ ለምን። በቃ። ሌተርቦክስድ የሚባለው፣ በ2011 ኒውዚላንድ ውስጥ የተጀመረው መተግበሪያ ለዚህ ይመቻል፤ ተራ ማስታወሻም ይሠራል።

20 ፊልም ሲሞላ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እኔ የጦርነት ፊልም አፍቃሪ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት፤ ለሰውም የምለው ይህንኑ ነው። ማስታወሻዬ ላይ ግን ከስድስት የጦርነት ፊልም አራቱን አቋርጫለሁ። እስከ መጨረሻው ያየኋቸው በአብዛኛው ትንንሽ ፊልሞች ናቸው፦ ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ቤት፣ አንድ የተደበቀ ነገር። አሁን "ለደከመኝ ማታ" የሚለው ዝርዝሬ በእነሱ ተሞልቷል።

የዛሬው ተራ የእህቴ ነው። ሦስቱን ስሞች በቀን ልካልኛለች፤ አንዱን ሰርዣለሁ። ከቀሩት ያነሳሁት አጠገብ "94 ደቂቃ፣ ቀላል፣ ሁለት እህትማማቾች አንድ ቤት ሲሸጡ" ብላ ጽፋለች። ሦስት ሰዓት ላይ እንከፍተዋለን።